የቮልስ የኋላ እግር፦ ኩርባ ላይ እንዳታመልጥ ከምን ልጀምር?

ሰማያዊ ቮልስ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተሠራች 1300 ቮልስዋገን ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት። ሞተሯ በቅርቡ ተፈትቶ በደንብ ስለተሠራ ጉልበቷ ጥሩ ነው። ያስቸገረኝ የኋላ እግሯ ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ እምብዛም አይታወቅም። ቁልቁለት ላይ ኩርባ ሲመጣ ግን፣ በተለይ ከእንጦጦ ስወርድ ወይም በጣርማ በር ሳልፍ፣ እግሬን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሳነሳ የኋላው ብድግ ይልና ወደ ውጭ ሊያመልጥ ይሞክራል። አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ልብ ያርዳል።

ሁለት ጋራዦችን አማከርኩ። አንዱ ፊቷን ዝቅ አድርገን ሰፋፊ ጎማ እንግጠም አለኝ፤ ሌላው ጠንካራ ሾክ አብዞርበር ይበቃል ይላል። እኔ ለእሽቅድምድም አልፈልጋትም። እናቴንና ልጆቼን ይዤ ነው የምወጣው፤ የሰፈራችን መንገድም ኮብልስቶን ስለሆነ ሆዷ መሬት እንዲነካ አልፈልግም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ከምን ልጀምር?

አሮጌ መፍቻ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ አንድም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ያለውን መርምር። «ኩርባ አትይዝም» ተብለው ወደ እኔ ከመጡት ቮልሶች ብዙዎቹ መፍትሔ ያገኙት በጎማ ነፋስ፣ በግራሶና በጎሚኒ ነው።

ነፋሱ ይቅደም። ከቮልስ ክብደት ከመቶ 60 ያህሉ የሚያርፈው ከኋላ ነው። ፋብሪካው ለፊት 16፣ ለኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማ ቤት ሄደህ ዝም ካልክ አራቱንም እኩል 30 ሞልተው ይሸኙሃል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎች መንገዱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ የኋላዎቹ ደግሞ ቀድመው ይሸነፋሉ። አንተ የምትነግረን ሕመም ይኸው ነው። ራዲያል ጎማ ከሆነ ሁለቱንም ትንሽ ከፍ ማድረግ ትችላለህ፤ በፊትና በኋላ መካከል ያለው ልዩነት ግን መጠበቅ አለበት።

ከዚያ ፊቷን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ እንዲይዝልህ አድርግና ድገም። ፍሬን ሲያዝ መንቀሳቀሱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ላይ ነው። ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ኪንግ ፒኑ (የፊት ጎማው መሪውን ተከትሎ የሚዞርበት መጋጠሚያ) አልቋል። 1300 ሞዴል በነሐሴ 1965 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ባለ ቦል ጆይንት ስለሆነ ያንተም እሱ መሆን አለበት። ሆኖም እኛ አገር ከሌላ መኪና ተነቅሎ የተገጠመ የፊት እግር ብዙ ነውና በዓይንህ አረጋግጥ። ኪንግ ፒን ከሆነ በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ ይፈልጋል፤ ግራሶውም የሚገባው ፊቷ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ነው። ክብደት ተጭኖበት የተሰጠ ግራሶ ወደሚፈለግበት ቦታ አይደርስም።

መሪው ውስጥ ክፍተት ካለ ደግሞ የመሪ ሳጥኑን ብሎን አጥብቆ ለማጥፋት የሚሞክር መካኒክ እንዳይነካብህ። ሳጥኑ የሚያልቀው መሪው ቀጥ ባለበት መሃል ላይ ነው። መሃሉን ካጠበቅኸው መሪውን ስታዞር ዳርና ዳር ላይ ይነክሳል፤ ኩርባ ላይ መሪ ሲነክስ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ ውጤቱን ንገረን።

ብርቱካን (ባሕር ዳር)

አሮጌ መፍቻ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ እግር ሲነሳ የኋላው ብድግ የሚልበትን ምክንያት ልጨምር።

የዚህ ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው አንድ ቦታ ብቻ፣ ካምቢዮው አጠገብ ነው። በጎማው በኩል መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ጎማው ምንጊዜም ከአክስሉ ጋር ቀጥ እንዳለ ይኖራል፤ የመኪናዋ ጀርባ ከፍ ሲል አክስሎቹ ወደ ታች ይወርዱና፣ ዣንጥላ ሲታጠፍ ጫፎቹ እንደሚሰበሰቡ፣ የጎማዎቹ እግር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ኩርባ ላይ ከውጭ በኩል ያለው ጎማ መንገዱን ሲገፋ መንገዱም መልሶ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አክስሉ የሚታጠፍበት ነጥብ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ያ ግፊት የመኪናዋን ጀርባ ወደ ላይ ያነሳል። ጀርባዋ ሲነሳ ጎማው ይበልጥ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የበለጠ ያነሳታል። እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ወይም ፍሬን ስትይዝ ክብደቷ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ይቀልላል፤ ነገሩ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ስለዚህ ፍሬንህን ከኩርባው በፊት ጨርስ፤ ኩርባው ውስጥ ገብተህ እግርህን በድንገት አታንሳ።

አንድ ቀላል ስሌት ደግሞ ይኸውና። ከአክስሉ መታጠፊያ እስከ ጎማው መሃል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ርዝመት የመኪናዋ ጀርባ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የጎማው ጋደል፣ ማለትም ካምበሩ፣ በ1 ዲግሪ ገደማ ይለወጣል። መኪናዋን መሬት ላይ ሳያስተኙ ብዙ ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ብርቱካን በጥሩ ሁኔታ አስረድታዋለች። እዚህ አሜሪካ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጩኸት የተነሳው በሌላ መኪና ምክንያት ነበር። ሼቭሮሌ ኮርቬይርም ሞተሯ ከኋላ፣ አክስሏም እንደ ቮልስ ነበር። የመኪና ደኅንነት ተሟጋቹ ራልፍ ናደር በ1965 እ.ኤ.አ. አጥብቆ የተቸው ከ1960 እስከ 1963 የነበሩትን ሞዴሎች ነው። ጄኔራል ሞተርስ ግን ለ1964 ሞዴል ከፊት ስታቢላይዘር (መጋደልን የሚቀንስ ዘንግ)፣ ከኋላ ደግሞ አግድም የተዘረጋ ባሌስትራ ጨምሮ ነበር፤ በ1965 ሞዴል የኋላውን እግር ጨርሶ ቀየረው። ፖርሽም ለ356 ሱፐር 90 ተመሳሳይ ባሌስትራ ገጥሞለታል።

ለቮልስም ይኸው ዕቃ አለ፤ ካምበር ኮምፐንሴተር ይባላል። በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ከተማ የነበረው የቮልስ ዕቃ ሻጭ ኤምፒ ታዋቂ አድርጎታል፤ ዛሬም አምሳያው ይሸጣል። ከካምቢዮው ሥር መሃሉ ላይ የሚዞር አንድ ባሌስትራ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ አክስሎቹን ከሥር ደግፈው ወደ ላይ ይይዟቸዋል። ጀርባዋ ሊነሳ ሲል አክስሎቹ አብረው እንዳይወርዱ ይከለክላል። ሰማያዊ፣ ገንዘብህን አንድ ነገር ላይ ብቻ የምታውል ከሆነ እዚህ ላይ አውለው እልሃለሁ።

የደብረ ብርሃን መንገደኛ

ዕቃው ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ እኔም አለኝ። ግን የሚቀመጠው ካምቢዮው ሥር፣ ከሁሉም ነገር ዝቅ ብሎ ነው። ጥርጊያ መንገድ ላይ መሃል ለመሃል ድንጋይ ካለ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። የሚገጥመው ሰው ይህን ያውቅ ዘንድ ነው።

ሌላ ነገር፦ ከሰንዳፋ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታ ቮልስ እንዴት እንደምትንገዋለል የሄደበት ያውቃል። እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ቀላል ነገር ነው፤ ረጅም መንገድ ስወጣ ታንከሯን እሞላለሁ፤ ከባዱን ዕቃም ከኋላ ወንበር ጀርባ አንስቼ ወደ ፊቱ ሣጥን አዛውራለሁ። ነዳጁም ትርፍ ጎማውም ከፊት ስለሆኑ ፊቷ ይረጋል።

ዜድ (ሐዋሳ)

የእኔ መኪና ከኋላ የዜድ ቅርጽ ያለው ዘንግ ከፋብሪካ አብሯት መጥቷል። እሱ ካለ ኮምፐንሴተር አያስፈልግም ማለት ነው? ስታቢላይዘር አይደለም እንዴ? ደግሞስ ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር ብንጨምር ማጋደሉን አይቀንስም?

ብርቱካን (ባሕር ዳር)

ዜድ፣ ከኋላ ስታቢላይዘር በፍጹም አትጨምር። በዚህ አክስል ላይ ስታቢላይዘር የሚጨመረው ከፊት ነው። ፊቱ ሲጠነክር ኩርባ ላይ የሚመጣውን ጭነት ከኋለኛው የውጭ ጎማ ተካፍሎ ይወስዳል። ከኋላ ብትጨምር ተቃራኒው ነው፤ ያንኑ ጎማ ይበልጥ ትጭነዋለህ፣ ጀርባዋም ቶሎ ትነሳለች።

የዜድ ዘንጉ ሥራ ሌላ ነው። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ማለትም ከኋላ ሰውና ዕቃ ሲጫን፣ ይጠመዘዝና ይደግፋል። መኪናዋ ወደ ጎን ስትጋደል ግን አንዱ ጫፍ ወጥቶ ሌላው ስለሚወርድ ዘንጉ ዝም ብሎ ይዞራል፤ ማጋደሉን አይቃወምም። ቮልስዋገን ለ1967 ሞዴል ይህን ሲያመጣ የኋላውን ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ባሌስትራ የሚያገለግለውን ብረት) ቀጠን ማድረጉ ለዚህ ነው፤ ጭነቱን ዘንጉ ስለሚረዳ ቶርሽን ባሩ ሊለሰልስ ቻለ፤ የኋላው ሲለሰልስ ደግሞ ኩርባ ላይ የሚሸከመው ድርሻ ቀነሰ። ጀርባዋ ስትነሳ አክስሎቹን የሚይዘው ግን ኮምፐንሴተሩ እንጂ ዘንጉ አይደለም።

ብዙ ሰው ዜዱን «ምን ይሠራል» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ካለህ ጎሚኒዎቹን አድስና ተወው።

አሮጌ መፍቻ (አዲስ አበባ)

ልጄ ብርቱካን፣ በስተመጨረሻ ያልሽው ትልቅ ቁም ነገር ነው። ስንቱ ዘንግ ተነቅሎ ብረት ሆኖ ተሸጠ!

ሰፋ ያለ ጎማ የሚባለውንም በተመለከተ ልናገር። ጎማው ብቻ ሰፍቶ ቸርኬው ከኦሪጅናሉ ወደ ውጭ ሲወጣ ክብደቱ ከኩሽኔታው ይርቃል፤ መሪውም ይከብዳል፤ ጉድጓድ ሲመታ ድንጋጤው በሙሉ ወደ መሪው ይመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ዕድሜ ያላቸው 165 ባለ 15 ራዲያል ጎማዎች ናቸው። ሶማሌ ተራ ፈልገህ ካጣህ ጠይቀን። ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ቸርኬህ ባለ አምስት ብሎን ይሁን ባለ አራት እይ፤ የአሮጌው አምስት ብሎን ክብ 205 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ አራት ብሎን 130 ነው። አይለዋወጡም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ለምን በዚህ አክስል ላይ ይህን ሁሉ ገንዘብ እናወጣለን? እዚህ አሜሪካ ለገበያ የቀረቡት ከ1969 ሞዴል ጀምሮ የኋላ እግራቸው ተቀይሮ ነበር። በአንድ ጎን ሁለት መታጠፊያ አለው፤ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ ያን ያህል አይጋደልም፤ ብርቱካን የገለጸችው መሰብሰብም የለም። የዚያን ማቀፊያ ቶርሽን ባሩ ከሚቀመጥበት የሻንሲው ቱቦ ጋር በይዶ የቀየረ ብዙ ሰው አለ። መለኪያ ፍሬም ላይ ተይዞ ከተሠራ ውጤቱ ድንቅ ነው፤ የእኔ መኪና ያ እግር ስላላት በዝናብ ኩርባ ስገባ ያን ሥጋት አላውቀውም።

አሮጌ መፍቻ (አዲስ አበባ)

እርስዎ ያሉት መለኪያ ፍሬም ያለበት ቦታ ላይ እውነት ነው። እኔ ግን በዓይን ግምት የተበየደ ሻንሲ አይቻለሁ፤ አንዱ ጎማ ከሌላው ቀድሞ፣ መኪናዋ እንደ ውሻ አጋድላ የምትሄድ። የሰው ሕይወት የሚሸከም ቱቦ ላይ በግምት ብየዳ አልመክርም። ካምቢዮውም፣ አክስሉም፣ የፍሬን መስመሩም አብሮ ይቀየራል። ሰማያዊ ቤተሰብ የሚይዝባት መኪና ናት፤ ለእሱ የተስተካከለ አሮጌ አክስል ይበልጠዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ስለ ብየዳው እስማማለሁ፤ ትክክለኛ መለኪያ የሌለው ሰው መንካት የለበትም። በዋናው ሐሳቤ ግን እንደጸናሁ ነኝ፤ ዕድሉ ያለው ሰው የተሻለው መንገድ ያ ነው።

ሰማያዊ ቮልስ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁትን መረመርኩ። ነፋሱ አራቱም ጋ እኩል ነበር፤ ወደ 18 እና 27 አስተካከልኩት፤ ከዚያው ቀን ጀምሮ ለውጡ ይታወቃል። ቦል ጆይንቶቹ ጤነኛ ናቸው። የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ሁለቱም ዘይት አፍስሰዋል። ጎማዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ከሥር ስመለከት የላስቲክ ሽፋን ያለው ካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው፤ ከዚያ እስከ ጎማው ወፍራም ቱቦ ነው፤ ስለዚህ አክስሏ አሮጌው ዓይነት ነው፤ ዜድ ዘንግም የለም።

ካምበሩን በቱምቢ ለካሁት። ባዶዋን ግራው ወደ 2 ዲግሪ፣ ቀኙ ወደ 1 ዲግሪ ከላይ ወደ ውጭ ተከፍተዋል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ? ሾክ አብዞርበሩስ ጋዝ ይሁን ዘይት?

ብርቱካን (ባሕር ዳር)

የለካኸው መኪናዋን ከክሪክ እንዳወረድካት ከሆነ አትመነው። ስትነሳ ጎማዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ስትወርድም መሬቱ ስለሚይዛቸው ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነድተህ ደልዳላ መሬት ላይ ድገመው። በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት 1 ዲግሪ ነው።

አሮጌ መፍቻ (አዲስ አበባ)

ሾክ አብዞርበሩ ከኋላ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በተለይ ሲዘረጋ የሚይዝ። ጀርባዋ በድንገት እንዳትነሳ የሚያዘገየው እሱ ነው። ከፊት ግን እኔ ዘይቱን እመርጣለሁ። የቮልስ ፊት ቀላል ነው፤ የጋዝ ጠንካራ ሾክ ከተገጠመበት ኮብልስቶን ላይ ይዘላል እንጂ አይረግጥም።

መለካቱን ድገም፤ ልዩነቱ አሁንም ካለ ቶርሽን ባሩ ሁለቱም ጎን እኩል አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ወይም የአንዱ ጎን ጎሚኒ አልቋል። ከዚያ ሁለቱንም አውጥተን ጀርባዋን ትንሽ እናወርዳለን። ዓላማችን ባዶዋን ስትቆም ከ1 እስከ 1 ተኩል ዲግሪ ከላይ ወደ ውስጥ እንድትጋደል ነው። ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳትሄድ፤ እናትህና ልጆችህ ከኋላ ሲቀመጡ ገና ይጨምራል፤ ጎማውም በውስጥ በኩል ይበላል።

አሠራሩን ልንገርህ፤ ግን ይህን ብቻህን አትሞክረው። ቶርሽን ባሩን የያዘው ሳህን መኪናዋ ተነስታ ጎማው ተንጠልጥሎ እንኳን ከሥሩ ያለው መደገፊያ ላይ በኃይል ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። ከመደገፊያው ሲያመልጥ አጥንት ይሰብራል። ሳህኑ በክሪክና በሰንሰለት ተይዞ ቀስ እያለ ይውረድ፤ ማንም ሰው ፊት ለፊቱ ወይም ከሥሩ አይቁም።

መጀመሪያ ሳህኑና የአክስሉ ማቀፊያ የተጋጠሙበትን ቦታ በመሮ ምልክት አድርግ። ያ ምልክት ከጠፋ ጎማው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ መሄዱ ይበላሻል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላላ፤ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር እይ። መኪናዋ በደልዳላ ቦታ ትቁም፤ ውጥረቱ ከወጣለት በኋላ የሳህኑን ጋደል በዲግሪ መለኪያ ለክተህ ጻፍ፤ ግራና ቀኝ ሲነጻጸሩ የልዩነቱ ምንጭ እዚያው ይታያል።

ቶርሽን ባሩ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ፣ የውጭው አንድ ጥርስ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ያህል ነው (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው)። ውስጡን በአንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጭውን በአንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ስታዞር የ50 ደቂቃ ለውጥ ታገኛለህ፤ ይህም ጎማው ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ብርቱካን በሰጠችን ስሌት አንተ የምትፈልገው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በአራት እርምጃ ገደማ ትደርሳለህ። ሰፈርህ ላይ ሆዷ አይነካም።

የግራውና የቀኙ ባር አይለዋወጡም፤ ምልክታቸውን እይ። ቀለማቸውን አትቧጭር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው። አዲሱን ጎሚኒ ስትከት ታልክ ፓውደር ቀባው፤ ግራሶ ከነካው ይበላሻል።

ሰማያዊ ቮልስ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልኬቱን ደገምኩት፤ ግራው ወደ 1 ተኩል ወረደ፤ ቀኙ እዚያው ነው። እርስዎ ባሉበት ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ የሚፈቅዱ ከሆነ መኪናዋን ይዤ ልምጣ። ኮምፐንሴተሩንስ አብረን እንግጠመው?

አሮጌ መፍቻ (አዲስ አበባ)

ይዘሃት ና። ጎሚኒ አራት፣ የኋላ ሾክ አብዞርበር ሁለት ገዝተህ ና፤ ጎማዎቹንም ከዚያ በፊት ቀይር፤ በአሮጌ ጎማ የተለካ ካምበር ዋጋ የለውም። ኮምፐንሴተሩ ይቆይ። ካምበሩ ተስተካክሎ፣ አዲስ ሾክና አንድ ዓይነት ጎማ ተገጥሞላት አንድ ክረምት ንዳት፤ ያን ጊዜም ጀርባዋ ብድግ የምትል ከሆነ እንጨምረዋለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

በዚህ ቅደም ተከተል እስማማለሁ። ከክረምት በኋላ ካስፈለገ ኮምፐንሴተሩን ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ፈልጌ እልክልሃለሁ። ብቻ የካምቢዮህን የታች ክፍል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ መግጠሚያው ሳህን እንደ ካምቢዮው ዓይነት ይለያያል።